«ማን አለ?»

ድርሰቴ ዛሬ ተመለሰልኝ። በሦስት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ በቀይ እስክሪብቶ «ማን አለ?» ተጽፎበታል። ሌላ አስተያየት የለም፤ ማርክም የለም።

ርዕሴ «ባሕር ዛፍ ይነቀል» ነበር። በአንድ ምሽት ነው የጨረስኩት። ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያራቁታል፣ ምንጭ ያደርቃል፤ ከልጅነቴ የሰማሁትን ሁሉ «እንደሚታወቀው» እና «ይባላል» እያልኩ ደረደርኩት። ክፍል ውስጥ ሳነበው ተጨብጭቦልኛል። ለካ በላ ልበልሃ እንኳ ምስክር ይጠራበታል።

ሁለት ቅዳሜ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። መጀመሪያ የፈለግሁት የሚደግፈኝን ብቻ ነበር (ይህን ለማንም አልተናገርኩም)። አገኘሁም፤ ከዛፉ ሥር ያለ ሰብል ምርቱ ይቀንሳል። እዚያው ገጽ ላይ ግን ከዛፉ በተራቀ ቁጥር ጉዳቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ተጽፏል። ብዙ ውሃ መጠጣቱም እውነት ነው፤ ግን ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው፣ የጠጣውን ያህል እንጨት ይሰጣል። ዝናብ በማይጠፋበት ደጋና በደረቅ አገር የሚያደርሰውም ጉዳት አንድ አይደለም። ይባስ ብሎ ታሪኩ መጣብኝ። በ1879 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ምኒልክ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ፈጥኖ የደረሰው ይሄው ዛፍ ነው።

በጣም ያስቸገረኝ የተቃዋሚውን ሐሳብ መጻፍ ነው። «አንዳንድ ገበሬዎች ባለማወቅ…» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ሜጫ ያለው አባቴ የእኔን የትምህርት ወጪ የሸፈነው አጣና ሸጦ ነው። አላወቀም? ጤፉና አጣናው በዓመት ምን እንደሚያስገቡለት ከእኔ በላይ አስልቶ ያውቃል። አንቀጹን ሰረዝኩት።

አዲሱ ርዕሴ «ባሕር ዛፍ የት ይተከል?» ሆኗል። ጭብጨባ የሚያስገኝ አይደለም።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ዛፋችን ከምንጩ ምን ያህል ይርቃል?»

«ከምንጩ ዳር የነበረውንማ አባትህ አንተ ሳትወለድ ነቅሎታል» አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚጠየቅ ግራ ገብቷት።

ይሄን ቃሏን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስገብቼዋለሁ። «ማን አለ?» ለሚለው «እናቴ» ብዬ መጻፍ ይበቃ እንደሆነ ነገ መምህሬን እጠይቃቸዋለሁ።