በአሮጌዋ ሱዙኪ ከሐዋሳ እስከ ሀገረ ሰላም

ወደ ሐዋሳ ያመራሁት ኤስጄ 410 የተባለችውን ትንሽ የሱዙኪ ጂፕ ለረጅም ዘመን የያዙና እስከ ዛሬ የሚነዱ ሰዎችን ለማነጋገር ነው። ስለ ላንድሮቨርና ስለ ላንድክሩዘር ብዙ ይወራል። ይህች አጭር መኪና ግን ትልልቆቹ ሊገቡበት በማይችሉ ጠባብ የገጠር መንገዶች ስትሠራ ኖራ ስሟ እምብዛም አይነሳም፤ በጉልምስናቸው የነዷት ሰዎችም እያረጁ ነው። ትዝታቸው ሳይጻፍ እንዳይቀር ከልቤ እፈልግ ነበር።

ቀጠሯችን መናኸሪያ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ በጤና ጣቢያ ያገለገሉ አንዲት ነርስና የጋራዡ ባለቤት የሆነው መካኒክ ጠበቁኝ፤ ሦስቱም የዚህችው መኪና ባለቤቶች ናቸው። ጨዋታው የጀመረው ከመኪናዋ የዘር ሐረግ ነው። ሱዙኪ፣ ሆፕ ከተባለ አነስተኛ የጃፓን ኩባንያ ንድፉን ገዝቶና የራሱን ሞተር ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ኤልጄ 10ን ለገበያ አቀረበ። የዚያች መኪና ሞተር ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 359 ሲሲ ብቻ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና እንደ ሞተር ሳይክል ከቤንዚኑ ጋር ዘይት የሚያቃጥል ነበር። በ1977 ባለ 797 ሲሲዋ ኤልጄ 80 ተከተለች፤ በ1981 ደግሞ 970 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደርና ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ያላት ኤስጄ 410 ወጣች። ጉልበቷ 45 ፈረስ ገደማ መሆኑን ስሰማ ለተራራ አገር ያነሰ መሰለኝ። ባለሙያው ግን፣ «ጉልበቷን ከክብደቷ ጋር አያይዘህ ተመልከት እንጂ» አሉኝ። አጭሯ ኤስጄ 410 ባዶዋን ከ900 ኪሎ ግራም በታች ስለምትመዝን ጭቃ ውስጥ ብትቀረቀር እንኳ ጥቂት ጎረምሶች ተጋግዘው ያወጧታል።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባና ካንዴላዎቹን፣ ካርቡረተሩንና የቤንዚን ፓምፑን አንድ በአንድ እየነካ አሳየኝ፤ አንዱን ለመድረስ ሌላውን መፍታት አላስፈለገውም። ከሥር ስንመለከታት የታችኛው አካሏ ሙሉ የብረት ሻንሲ ነው፤ የፊትም የኋላም አክሰሏ ወጥ ሲሆን ሁለቱም በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ሞላ ላይ ያርፋሉ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሣጥን ከካምቢዮው ተለይቶ ለብቻው የተቀመጠና በአጭር ዘንግ የተገናኘ በመሆኑ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ማውረድ አያስፈልግም። እንደ እኔ እምነት የጥንካሬዋ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፦ የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው፣ ሲበላሽም ባለቤቱ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ነርሷ የክትባት መያዣውን የበረዶ ሣጥን ከኋላ ጭነው ወንዝ ይሻገሩ እንደነበር አጫወቱኝ። «ልጄ፣ ውሃው አላስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ከውሃው በኋላ ያለው ቁልቁለት ነበር» አሉ። የአራቱም ጎማዎች ፍሬን የከበሮ ዓይነት ስለሆነ ውሃ ከገባበት ሸራው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከወንዙ እንደወጡ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ደጋግመው በመርገጥ በሙቀቱ ያደርቁት ነበር። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ መኪናዋን እያዳመጡ የለመዱት ነው። መካኒኩ በበኩሉ ጉድለቷን አልደበቀም። በጭቃና በዕድሜ ብዛት የፊት አክሰሉ መታጠፊያ ላይ ያለው ጎሚኒ (ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ መከላከያ) ሲያልቅ ግሪሱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፤ ኩሽኔታው ሲላላም መሪው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያው ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው፤ ጎሚኒ በጊዜው የማይቀይር ሰው መኪናዋን መውቀስ የለበትም ብለው ተከራከሩት። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ ይህች መኪና የምትታመነው ለሚከታተላት ሰው ነው።

በማግሥቱ ከባለሙያው ጋር በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም ተጓዝን። አስፋልቱ ላይ ሞተሩ ስለሚጮህ ጮክ ብለን እንነጋገር ነበር፤ ረጅም የአስፋልት ጉዞ የእሷ ሙያ እንዳልሆነ መካድ አይቻልም። ከአለታ ወንዶ በኋላ ግን ቡናውና እንሰቱ እየተመናመነ ቀርከሃና የገብስ ማሳ ሲተካ፣ መንገዱም ሲጠብ፣ መኪናዋ አገሯ የገባች መሰለች። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሀገረ ሰላም ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡረተር ያለው ሞተር ጉልበቱ እንደሚቀንስ ባለሙያው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ባለሙያው ሳይደናገጡ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፤ የቤንዚን ማጣሪያዋን ነቅለው ባፋቸው በተቃራኒው አቅጣጫ ነፉባትና መዳፋቸው ላይ አራገፏት። ቡናማ፣ እንደ ደቀቀ ሸክላ ያለ ዝቃጭ ወጣ፤ ያረጀው ታንከር ከውስጥ የጣለው ዝገት ነበር። መልሰው ገጥመው፣ ቱቦውን በሽቦ አጥብቀው፣ ሞተሩን አስነሡ፤ ቀሪውን ዳገት በከባዱ ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄድበት እምብዛም ባልበለጠ ፍጥነት ወጣነው።

ሀገረ ሰላም ብርድ ላይ ሻይ እየጠጣን ከመቀመጫው ሥር ያወጡትን ደብተር አሳዩኝ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ተጽፎበታል፤ ዘይት የነካቸው ገጾች ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ ሳስተዋል። የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራ፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን በየተራቸው ተመዝግበዋል። ካምቢዮው ተፈታ የሚል መስመር ግን ፈልጌ አጣሁ። ስጠይቃቸውም፣ «ዘይቱን በወቅቱ ከመቀየር በቀር አልነካሁትም» አሉኝ። ብዙዎቻችን ስለ መኪና ጥንካሬ የምንናገረው ከስሚ ስሚ ነው፤ እኒህ ሰው ግን በእጃቸው ጽፈው ይዘውታል፤ በዚህም እጅግ አከበርኳቸው።

ስንመለስ ቁልቁለቱን በሞተሩ እየያዙ በሁለተኛ ማርሽ አወረዷት፤ ፍሬን የነኩት አልፎ አልፎ ነበር። በመንገድ ላይ ልጃቸው ከኤስጄ 413 የተወሰደ ባለ 1,324 ሲሲ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ሊገጥምላት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ለረጅም መንገድ እንደሚሻል ያውቃሉ፤ እኔም ይህንኑ አልኳቸው። እርሳቸው ግን ልጁ መጀመሪያ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪብዩተር ውስጥ ያለውን ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ክፍል) በራሱ እጅ ማስተካከል እንዲለምድ፣ ከዚያም አንድ ክረምት ሙሉ በዚሁ ሞተር እንዲነዳት ወስነዋል። ከክረምቱ በኋላም ሞተሩ ይቀየር ካለ፣ ወጪውን ግማሽ ሊችሉለት ቃል ገብተዋል።