የሥነ ልቦና ጥናታዊ ጽሑፎችን የምፈልግበት መንገድ
ጥያቄዬ «የእንቅልፍ ማነስ ታዳጊዎችን ለድብርት ያጋልጣል ወይ?» የሚል ነበር። እንዳለ ጎግል ስኮላር ላይ ስጽፈው መጨረሻ የሌለው ዝርዝር ዘረገፈልኝ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሦስት አምድ አሰመርኩ፦ እንቅልፍ፣ ዕድሜ፣ ድብርት። በየአምዱ ሥር ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ደረደርኩ፤ ለዕድሜው ለምሳሌ «አዶለሰንት»፣ «ቲንኤጀር» እና «ዩዝ»።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የድብርት አምድ ነው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ዳታቤዝ የሆነው ሳይክኢንፎ ቴሶረስ የሚባል የራሱ የቃላት መዝገብ አለው። እዚያ ላይ ሕመሙ «ሜጀር ዲፕረሽን» ሲባል፣ ሕመም ደረጃ ያልደረሰው የስሜት መጨለም በሌላ ቃል ለብቻው ተመዝግቧል። የሕክምና ጥናቶች ዳታቤዝ የሆነው የፐብሜድ መዝገብ፣ ሜሽ፣ ደግሞ ሕመሙን «ዲፕረሲቭ ዲስኦርደር»፣ ስሜቱን «ዲፕረሽን» ይለዋል። አንዱን ብቻ ይዞ የገባ ሰው ሌላኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ያመልጠዋል፤ ማምለጡንም አያውቅም። ቴሶረሱን ሳይከፍቱ ፍለጋ መጀመር ትልቁ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

የመዝገቡ ቃል ብቻውን ግን አይበቃም። አዲስ ጽሑፍ ፐብሜድ ላይ እንደገባ ወዲያው የሜሽ ቃል ላይሰጠው ስለሚችል፣ በርዕስና በአብስትራክት (በጽሑፉ መግቢያ ላይ ባለው አጭር ማጠቃለያ) ውስጥ የሚገኘውን ተራ ቃልም አብሬ አስገባለሁ።

በአንድ አምድ ያሉትን ቃላት በ«ኦር» (ወይም) አያይዤ በቅንፍ እዘጋለሁ፤ አምዶቹን እርስ በርስ በ«ኤንድ» (እና) አገናኛለሁ። ቅንፉ ከተረሳ ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው። «ስሊፕ ኤንድ አዶለሰንት ኦር ቲንኤጀር» ከተባለ፣ እንቅልፍን ጨርሶ የማያነሱ የታዳጊ ጥናቶች ሁሉ ተግተልትለው ይመጣሉ። ቀጥሎት ያለውን ቃል የያዘ ጽሑፍ የሚያስወግደውን «ኖት»ንም ትቼዋለሁ፤ «ኖት አደልት» ስል ታዳጊዎችንና አዋቂዎችን አብረው ያጠኑት ጭምር ጠፉ። ዕድሜን በማጣሪያ መለየት ይሻላል። ይሁንና የሳይክኢንፎ የታዳጊ ማጣሪያ ከ13 እስከ 17 ዓመት ሲሆን የፐብሜዱ እስከ 18 ይደርሳል፤ የሁለቱን ውጤት ሲያነጻጽሩ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጎግል ስኮላር በባለሙያ የተገመገመውን ካልተገመገመው የሚለይ ማጣሪያ የለውም። ለእኔ ዋጋው ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘሁ በኋላ በማጣቀሻዎቹ ወደ ኋላ፣ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ተጭኜ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ከጠቀሱት መካከል ብቻ መፈለግ የሚያስችል ሳጥንም አለ፤ እዚያ «ሜታ አናሊሲስ» (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያጠቃልል ትንተና) ብዬ እጽፋለሁ። በ2015 የታተመ ትልቅ ድጋሚ ሙከራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ፈትሾ፣ በስታቲስቲክስ ጉልህ ውጤት የሰጡት ድጋሚዎች 36 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ጥናት ብቻውን ቢያምርም አልንጠለጠልበትም።

ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቀ «ኦል ቨርዥንስ» ሥር ነፃ ፒዲኤፍ አያለሁ፣ አንፔይዎል የተባለውን የብራውዘር ማከያ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ ለደራሲው አጭር ኢሜይል እልካለሁ። ሳይአርካይቭ በሚባለው፣ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከመታተሙ በፊት በሚለጥፉበት ድረ ገጽ ላይ የተገኘ ቅጂ ገና ያልተገመገመ ሊሆን ስለሚችል፣ ታትሞ እንደሆነ በርዕሱ አጣራለሁ። የታተመውም ቢሆን «ሪትራክትድ» (ከኅትመት የተሰረዘ) የሚል ምልክት እንዳልተለጠፈበት ሳላይ አልጠቅሰውም።

የፍለጋውን ሙሉ ሐረግ፣ ዳታቤዙን፣ ቀኑንና የውጤቱን ብዛት በአንድ ፋይል እመዘግባለሁ። በሌላ ቀን ስመለስ ከዚያ ቀን በኋላ የገቡትን ብቻ አያለሁ።