ባለቤቴ የረሳው ነገር አልነበረም

ዲሜንሺያን «የመርሳት በሽታ» የሚለው ስም ሁለት ዓመት አሳስቶኛል። ባለቤቴ በ54 ዓመቱ ጠባዩ ሲለወጥ የሰው ስም፣ ቀጠሮ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን ሳይቀር አንድም አይስትም ነበር። የጠፋው ይሉኝታው ነው። የማያውቀው ሰው ሳህን ላይ እጁን ይሰዳል፤ ስኳር በማንኪያ እየዛቀ ይቅማል። አንድ ማታ አጠገቡ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ «ዞር በይ፣ ቴሌቪዥኑን ከለልሽኝ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሐኪም የማስታወስ ጥያቄዎች ጠየቀው፤ ሁሉንም መለሰ። «አእምሮው ደህና ነው፣ የትዳር አማካሪ ፈልጉ» ተብለን ወጣን።

ሁለተኛው ዶኔፔዚል አዘዘ፤ የአልዛይመር መድኃኒት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሳምንታት መቼም አልረሳቸውም። ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል፤ በር ከፍቶ ይወጣል፤ ልመልሰው ስል ይገፈትረኛል። ክንዴ በልዞ ስደውል «ሰውነቱ እስኪለምደው ነው፣ ታገሺ» አሉኝ። በራሴ ማቋረጥ ፈርቼ ታገስኩ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ መታገሴ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ሐኪም ጋ መሄድ ነበረብኝ። ሦስተኛዋ ሐኪም የኤምአርአይ ምስሉን አንስታ የአንጎሉ የፊትና የጎን ክፍል መመንመኑን በጣቷ አሳየችኝ። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ነው፣ ከማስታወስ በፊት ጠባይን የሚነካ ዓይነት፤ ዶኔፔዚል ለዚህ አይረዳም፣ እንዲያውም ጠባዩን ሊያባብሰው ይችላል አለች። አርኖልድ ፒክ የተባለ ሐኪም ይህን ሕመም የገለጸው በ1892 ነው። ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ሕመም ሆኖ እንዴት «ታገሺ» ይባላል?

መድኃኒቱ ሲቆም ሌሊቱ ተመለሰልን። ሰርትራሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ደግሞ የስኳር ፍለጋውን ትንሽ አረገበለት። በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት ግን የለም፤ የቀረውን የሚሠራው ቤቱ ነው።

እኔም አጥፍቻለሁ። ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ስንት ሌሊት ተከራከርኩት! የሚጸጸትበት ቦታ ራሱ ታሞ ሳለ። አሁን አልከራከርም። የባንክ ካርዱን ያለ አንድ ቃል አነሳሁ። ሐኪሟ «እውነቱን ንገሪው» ትላለች፤ በዚህ አልስማማም። ሊወጣ ሲነሳ «ሱቁ ተዘግቷል» እለዋለሁ፣ ይቀመጣል። ሰው መሀል ስንሆን «ባለቤቴ የአንጎል ሕመም አለበት» የሚል ትንሽ ወረቀት በዝምታ አሳያለሁ፤ ፊታቸው ወዲያው ይለሰልሳል።

ስኳሩን ቆልፌበታለሁ። የቀን ድርሻውን ጠዋት በትንሽ ዕቃ አኖርለታለሁ፤ ሲጨርስ ክዳኑን ገጥሞ ቦታው ይመልሰዋል።