በአምስት ደቂቃ የተነበበ ውጤት

በምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሄፓታይተስ ቢ ስትሪፓችንን፣ ማለትም ውጤቱን በመስመር የሚያሳየውን ፈጣን መመርመሪያ፣ ኤላይዛ ከሚባለው በመሣሪያ የሚነበብ የላቦራቶሪ ምርመራ ጋር እንድናነጻጽር ተወሰነ። በስትሪፕ ሠርተን ውጤታቸውን ካወጣናቸው ናሙናዎች የ40ዎቹ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ፍሪዘር ውስጥ ነበር፤ እነሱኑ በኤላይዛ ደገምኳቸው። 38ቱ ገጠሙ። ሁለቱ ግን በስትሪፕ ኔጌቲቭ፣ በኤላይዛ ፖዘቲቭ ሆኑ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኤላይዛውን ነው። ናሙናዎቹ የሚገቡበት ባለ ጉድጓድ ሳህን፣ ፕሌቱ፣ በደንብ ካልታጠበ ኮንጁጌቱ (ቀለም የሚያመጣው ኢንዛይም ያለበት ፈሳሽ) ዌሉ፣ ማለትም ጉድጓዱ፣ ውስጥ ይቀርና ቫይረስ የሌለበትን ናሙና ቀለም ያሲዘዋል። ሴረሙ ውስጥ ደም ሲረጋ የሚፈጠር የፋይብሪን ክር ሲኖርም ያው ነው። በላቦራቶሪው የቆዩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ፣ «ሁለቱንም እንደገና ሴንትሪፊዩጅ አድርግና ድገማቸው» አሉኝ፤ መሣሪያው ናሙናውን አሽከርክሮ ክሩን ወደ ታች ያወርደዋል። አንደኛው እንደጠረጠርኩት ቀለም አልባ ሆኖ ቀረ። ሌላው ግን ደግሞ ቢጫ ሆነ።

ጋሼ አዲስ ስትሪፕ ቀደዱ፤ ከዚያው ሴረም ጠብ አድርገው ሰዓት ሞሉ። በ5ኛው ደቂቃ የወጣችው ስትሪፑ መሥራቱን የምታሳየው የኮንትሮሏ መስመር ብቻ ነበረች። «ኔጌቲቭ ነው» ብዬ ላነሳው ስል «ተወው» አሉኝ። 12 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ የምትታይ የደበዘዘች ሮዝ መስመር ብቅ አለች። በ15ኛው ደቂቃ፣ መመሪያው አንብቡ በሚለው ሰዓት፣ ማንም አያታት ነበር።

«የዚያን ቀን በስንት ደቂቃ አነበብከው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰኞ ጠዋት ሰልፉ እስከ ኮሪደሩ ሲደርስ፣ የኮንትሮሉ መስመር እንደወጣ ነበር የማነበው። በኤላይዛ ኢንዛይሙ ቀለሙን እያበዛ ይሄዳል፤ የሚያነበውም መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ አንቲጅንም (የምንፈልገው የቫይረሱ ፕሮቲን) በቀላሉ አያመልጠውም። በስትሪፕ ግን አንቲጅኑ ሲያንስ መስመሩ ይዘገያል፤ አንባቢውም ዓይን ነው። ኤላይዛ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፤ ናሙና እስኪጠራቀምም ይጠብቃል፤ ከሩቅ የመጣን ታካሚ ለዚያ ማዋል ከባድ ነው። ስትሪፑን የምንፈልገው ለዚህ ነው። እኔ ግን «ስትሪፑ ደካማ ነው» ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ነበር።

መዝገቡን ስገልጥ ናሙናው ከሁለት ሳምንት በፊት ከእርግዝና ክትትል የመጣ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። እንዲህ ያለች እናት ስትወልድ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት፤ በእኔ ወረቀት ግን ኔጌቲቭ ናት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስልኳን ደወልኩ።

በማግስቱ በጠዋት ከባለቤቷ ጋር መጣች። ደሟን ራሴ ቀዳሁ። ስትሪፑን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ 15 ደቂቃ ሞላሁና አጠገቡ ቁጭ አልኩ።