ሦስት ሺኛ ኢንች፦ በቤቴ በገጠምሁት ጠመንጃ ላይ ስሜን እንዴት እንዳስቀረጽሁ

እ.ኤ.አ. በ2023 ጋርላንድ፣ ቴክሳስ በሚገኘው ቤቴ ገጥሜ በሕግ ያስመዘገብሁት አፈሙዘ አጭር ጠመንጃ ብዙ አስተምሮኛል። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን መፍቻና ቡሎን የሚጠይቀው ሥራ ሳይሆን በብረቱ ላይ የሚቀረጸው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። ተመሳሳይ ማመልከቻ የጀመሩ ወገኖች ስለዚሁ መስመር ደጋግመው ስለጠየቁኝ ያለፍሁበትን ከነስሕተቴ ጽፌዋለሁ።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች በታች የሆነ ጠመንጃ፣ በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ በልዩ መዝገብ እንዲሰፍር ከሚያስገድዳቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። እኔ ያደረግሁት ከባለፈቃድ ነጋዴ በገዛሁት የኤአር-15 ጠመንጃ ሪሲቨር (ሌሎቹ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋና አካል) ላይ አጭር አፈሙዝ መግጠም ብቻ ነው፤ ብረት አላቀለጥሁም፣ ቀዳዳም አልበሳሁም። ይሁን እንጂ ሕጉ ያንን መግጠም «መሥራት» ብሎ ይቆጥረዋል፤ እኔንም «ሠሪ» ይለኛል። ፋብሪካው በሪሲቨሩ ላይ የራሱን ስምና መለያ ቁጥር አስቀድሞ የቀረጸ ቢሆንም የእኔም ስም፣ ከተማዬና ግዛቴ ሊታከሉበት የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ ፋብሪካው የቀረጸው ይበቃል ብዬ አምን ነበር።

ለፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ቢሮ (ኤቲኤፍ) የሚቀርበው ማመልከቻ ፎርም 1 ይባላል። የጣት አሻራዬንና ፎቶግራፌን አያይዤ፣ አንድ ቅጂ ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ ልኬ፣ በጊዜው ግብሩ የነበረውን 200 ዶላር ከፈልሁ። ይህ ግብር ከ1934 ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ሲሆን ከጥር 1 ቀን 2026 ወዲህ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ምዝገባው፣ ቀድሞ ፈቃድ የማግኘት ግዴታውና ስም የማስቀረጹ ግዴታ ግን እንደነበሩ ናቸው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ አጭሩን አፈሙዝ ከመግዛት እንኳ ተቆጠብሁ፤ ሪሲቨሩና አጭሩ አፈሙዝ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ፈቃዱ ገና ባይደርስ፣ አልገጠምሁትም የሚለው መልስ እንደማያስተማምን ስለገባኝ ነው። በቪዛ የመጣ ሰው በአብዛኛው መሣሪያ መያዝ ራሱ እንደተከለከለበት፣ ግሪን ካርድ ያለው ግን በፌዴራሉ ሕግ እንደሚፈቀድለት እግረ መንገዴን ላስታውስ።

ወደ ስሙ ልመለስ፤ ለእኛ ለሐበሾች ዋናው ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ስሜ በ«ፀ» ይጀምራል። ይህች አንዲት ፊደል በመንጃ ፈቃዴ ላይ ቲ እና ኤስ ሆና በሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፋለች፤ በዜግነት ምስክር ወረቀቴ ላይ ግን ኤስ ብቻ ናት። በዚያ ላይ የአያቴ ስም በአንዱ ሰነድ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ በሌላው ጭራሽ የለም። በወረቀት ላይ ሲሆን እንዲህ ያለው ልዩነት በማስረጃ ይቃናል፤ ብረት ላይ ከተቀረጸ በኋላ ግን በፎርሙ ካለው ስም ጋር አልገጠመም ማለት በአሉሚኒየሙ ሪሲቨር ላይ የማይፋቅ ስሕተት ተሸክሞ መኖር ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት መንጃ ፈቃዴን አስተካክዬ፣ ሁሉንም ሰነድ አንድ ካደረግሁ በኋላ ያንኑ አጻጻፍ በፎርሙ ላይ አሰፈርሁ። ፈቃዱ ሲመጣም ለቀራጩ የሰጠሁት ከፈቃዱ ላይ ፊደል በፊደል የቀዳሁትን እንጂ በቃሌ የማውቀውን አልነበረም።

ስሜን በግእዝ ፊደል ማስቀረጽ አምሮኝ እንደነበር አልደብቅም። አያቴ የምንሽራቸውን ሰደፍ በካራ ፍቀው ስማቸውን የጻፉበት መልክ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዓይኔ አይጠፋም። ደንቡ ግን የመለያው ጽሑፍ በላቲን ፊደላትና በተለመዱት አኃዞች ብቻ እንዲሆን ያዛል፤ የግእዙ ጽሑፍ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ለሕጉ አይቆጠርም።

ቀጥሎ የመጣው የጥልቀቱ ጉዳይ ነው። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፦ ቅርጹ ከ0.003 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ኢንች ሦስት ሺኛ ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው፤ የመለያ ቁጥሩም ቁመት ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች አይነስ። በእኛ መለኪያ ጥልቀቱ ወደ 0.076 ሚሊሜትር፣ ቁመቱም ወደ 1.6 ሚሊሜትር ይሆናል። የቁመቱ ገደብ የተነገረው ለመለያ ቁጥሩ ነው፤ እሱን ፋብሪካው ስለቀረጸው እኔን የሚመለከተኝ ጥልቀቱ ነበር፤ ያም ሆኖ ለስሜና ለከተማዬም ከዚያ ከፍ ያለ ቁመት መረጥሁ።

መጀመሪያ የሄድሁበት ቀራጭ ዋንጫና የስም ሰሌዳ ላይ በሌዘር የሚጽፍ ሰው ነበር። ሥራው ለዓይን ያማረ ነው፤ ፊደላቱ በጥቁሩ ብረት ላይ ነጭ ሆነው ቁልጭ ብለው ወጡ። ነጭ የሆኑት ግን ሌዘሩ ጥቁሩን የአኖዳይዝ ሽፋን ልጦ ስላነሣው እንጂ ወደ ብረቱ ስለገባ አልነበረም። በጣቴ ስዳስሰው ምንም አልተሰማኝም፤ ይህም ጥርጣሬ አሳደረብኝ። ፋብሪካ ውስጥ በብረት ቆራጭነት የሚሠሩ ጋሼ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ፤ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ የጥልቀት መለኪያ አምጥተው አምስት ፊደላት ላይ ለኩልኝ። ከአንዱም ላይ ከ0.0015 ኢንች በላይ አልተነበበም። «ልጄ፣ ይህ ቅብ ላይ የተጻፈ ነው፤ ብረቱ ገና አልተነካም» አሉኝ።

እዚያው ቆመው ያስረዱኝን አልረሳውም። የመቅረጫ መሣሪያ ብረት ሲጭር ከመስመሩ ዳርና ዳር ትንሽ ቡፍ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ መለኪያውን ከዚያ ጠርዝ ጫፍ ጀምረህ ካነበብህ ጥልቀቱ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። ደንቡም ይህን አስቦበት፣ ጥልቀቱ የሚለካው ከጠፍጣፋው የብረት ገጽ እንጂ ከጠርዙ ወይም ከጉብታው አይደለም ይላል። የፊደሉም ቁመት የሚለካው ከላይ ሰፍቶ በሚታየው አፉ ሳይሆን በቅርጹ ወለል ላይ ነው።

ሁለተኛው ቀራጭ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነበር፤ ቀድሞም ወደ እሱ መሄድ ነበረብኝ። መሣሪያ ተረክቦ አሳድሮ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው ፈቃድ ስላልነበረው አጠገቡ ቆሜ ነበር ያስጨረስሁት። ባለፈቃዱ ግን ሪሲቨሩን በመዝገቡ አስፍሮ ተረከበኝ። በዚያን ጊዜ አጭሩ አፈሙዝ ስላልተገጠመበት ሪሲቨሩ ገና ተራ ሪሲቨር መሆኑም ነገሩን አቀለለው፤ ተገጥሞ ያለቀውን ይዤ ብሄድ ኖሮ ያለ እኔ እሱ ዘንድ ማደሩ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። ጥልቀቱ 0.005 ኢንች እንዲሆን ጠየቅሁት፤ ላዩ ተቀብቶ ወይም ተጠርጎ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ከገደቡ በታች እንዳይወርድ ነው። ዕድል ሆኖ የድሮዎቹን ፊደላት መንገድ ተከትሎ ማጥለቅ ቻለ። ለሁለቱ ቀራጮች የከፈልሁት አንድ ላይ ሲደመር ለባለፈቃዱ ብቻ ብከፍል ኖሮ ከሚበቃኝ እጅግ በለጠ።

ቦታውን በተመለከተ የመረጥሁት የጥይት ካዝናው በሚገባበት በስተቀኝ ያለውን ባዶ ገጽ ነው። አፈሙዝ ያልቃል፣ ይለወጣል፤ ስሜ ከሪሲቨሩ ጋር እንዲኖር ስለፈለግሁ አፈሙዙን አላሰብሁትም። ፋብሪካው የጥይቱን ዓይነት በተመለከተ በሪሲቨሩ ላይ የቀረጸው ብዙ ዓይነት ይቀበላል የሚል ቃል ብቻ ስለነበር፣ በፎርሙ ላይ ያሰፈርሁትን 5.56 ሚሊሜትርም ከስሜ በታች አስጨመርሁ።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ያመለከተው በራሱ ስም ሳይሆን በትረስት (ንብረት በአደራ በሚያዝበት ሕጋዊ ውል) ስም ነበር። እንዲህ ሲሆን ሠሪው ትረስቱ ስለሆነ የሚቀረጸው የትረስቱ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ የሦስት ልጆቹን ስም አያይዞ ነበር የሰየመው። ቀራጩ ያንን ሁሉ ከከተማውና ከግዛቱ ጋር ለማስገባት በሁለት መስመር አጣቦ ጻፈለት። ትረስት ለማቋቋም የምታስቡ ስሙን አሳጥሩት።

ባለፈው ዓመት ከጋርላንድ ወጥቼ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬያለሁ። ቅርጹ የሚናገረው ጠመንጃው የት እንደተሠራ ስለሆነ አዲሱን ከተማ እንደገና ማስቀረጽ አላስፈለገኝም። ከግዛት ወጥቼ ይዤው ስሄድ ግን አስቀድሜ በፎርም 5320.20 ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ይህን ዓይነቱን ጠመንጃ ከነጭራሹ ስለማይፈቅዱ ወደዚያ ስሄድ ቤት ትቼው እሄዳለሁ። በጠመንጃው ሳጥን ውስጥ የፈቃዱን ቅጂ፣ የቅርጹን ፎቶግራፍና ጋሼ ለሁለተኛ ጊዜ ለክተው በእጃቸው የጻፉልኝን የአምስቱን ፊደላት ጥልቀት የያዘች ቁራጭ ወረቀት አብሬ አስቀምጫለሁ።