ዝናቡ የዋጣት ሹክሹክታ

ጅማ ውስጥ በአንድ የልጆች ንባብ ቤት እሠራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የፊልም ሰዓት አለን። ፕሮጀክተር፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ስፒከር። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ማይክ ይዤ በአማርኛ እተርካለሁ።

ያን ቅዳሜ የመረጥኩት ሽሬክን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ለረጅም የአኒሜሽን ፊልም ኦስካር መሰጠት ሲጀመር የመጀመሪያውን የወሰደውም እሱ ነው። በጣም ስለምወደው ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ሰነበትኩ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ወላጆችን "የልጆች ፊልም ነው፣ እናንተ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ" አልኳቸው። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አጀማመሩ ደስ ይል ነበር። ፊልሙ የሚከፈተው በተረት መጽሐፍ ነው። "ተረት ተረት!" ስል ልጆቹ ባንድ ድምፅ "የላም በረት!" አሉ። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ጭራቁ ሽሬክ፣ ገጹን ቀድዶ ሽንት ቤት ሲጠቀምበት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ፊልሙ ላይ መንደርተኞች ችቦ ይዘው የሽሬክን ቤት ከበቡ። እሱ ከኋላቸው መጥቶ ጭራቅ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ይዘረዝርላቸው ጀመር። ቆዳ ገፍፎ ልብስ መስፋት፣ ጉበት፣ ዓይን፣ ሁሉም አለበት። ቃል በቃል ተረጎምኩት። እሱ ሲያገሳ እኔም በማይኩ አገሳሁ።

ቀልዱ ግን ያለው ከማግሳቱ በኋላ ነው። ሽሬክ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የምትሮጡት" ይላቸዋል። ማስፈራራቱ ለይምሰል ነው፤ ማንንም አይበላም። ያቺን ሹክሹክታ ዝናቡ ዋጣት። እኔም በጩኸቴ ተይዤ ሳልተረጉማት አለፈች።

አንድ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በለቅሶ ፈነዳ። አጠገቡ ያለችው ተከተለች። ወዲያው ግማሹ ክፍል አለቀሰ። ፊልሙን አቁሜ መብራት አበራሁ።

አሁን ሳስበው ጥፋቱ የድምፄ ብቻ አልነበረም። እኛ ጋ ጭራቅ ሰው በላ ነው። በኦሮምኛ ቡልጉ ብለውም ያው ነው። እነዚህ ልጆች "ዝም በል፣ ጭራቅ ይመጣል" እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ሽሬክ የሚለው ስም ራሱ በይዲሽ ድንጋጤ፣ ፍርሃት ከሚል ቃል የመጣ ነው። ፊልሙ ያንን ፍርሃት ወስዶ ቀስ እያለ ነው ወደ ሳቅ የሚያዞረው። እኔ ፍርሃቱን ሰጥቼ ሳቁን አስቀረሁባቸው።

የልጁ አያት ከበረንዳ ሮጠው ገቡ። እቅፋቸው ውስጥ አስገቡት።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ አንሶላውን እያዩ።

"ጭራቅ ነው እማማ። ግን ክፉ አይደለም።"

"ቤቱ የት ነው?"

"ረግረግ ውስጥ።"

"እንደ ቦዬ?" የጅማውን ረግረግ ማለታቸው ነው።

"አዎ፣ እንደ ቦዬ።"

ወደ ልጁ ዞሩ። "አየህ፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ነው የነካኩት። አንተስ ቤትህ ችቦ ይዘው ቢመጡብህ አትጮህም?"

ልጁ አሰበበት። "እጮሃለሁ" አለ።

በሩን ከፍቼ ወላጆቹን በሙሉ አስገባሁ። ልጆቹ ጭናቸው ላይ ተቀመጡ። የሽሬክን ድምፅ የሠራው ማይክ ማየርስ ብዙውን ከቀረፀ በኋላ በስኮትላንድ ቅላጼ እንደገና ቀርፆታል። እሱን አስታውሼ እኔም ትዕይንቱን ወደኋላ መልሼ በሌላ ድምፅ ጀመርኩ፤ ሰው እረፍት የነሳው የሠፈር አጎት ድምፅ። ሹክሹክታዋ ጋ ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መጀመሪያ የሳቁት አባቶች ናቸው። ልጆቹ ቀና ብለው አዩዋቸውና አብረው ሳቁ።

እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሆነ። የሽሬክ ጓደኛ አህያው ሲለፈልፍ ልጆቹ ይንፈራፈራሉ። የፊልሙ ክፉ ገዥ፣ ያ አጭር ጌታ፣ ሰማይ ጠቀስ ግንቡ ሥር ሲታይ ወላጆቹ ይስቃሉ። "ምኑ ነው የሚያስቀው?" የሚል ልጅ ይኖራል፤ መልሱን ሳይጠብቅ እሱም ይስቃል። እናቱ የምትስቅበትን ነገር ልጅ አይፈራውም።

መጨረሻው ላይ ልዕልት ፊዮናን ማታ ማታ ጭራቅ የሚያደርጋት ድግምት ይለቃታል። ቆንጆዋ ልዕልት ሆና እንድትቀር ስንጠብቅ ጭራቅ ሆና ትቀራለች። ያ ሲያለቅስ የነበረው ልጅ ተቆጣ።

"እማማ፣ አላማረችም እኮ!"

"ማን ነው አላማረችም ያለህ?" አሉት አያቱ።

በእንግሊዝኛው ሽሬክ ለፊዮና የሚላትም ይህንኑ ነው፤ አምረሻል። እኔ ገና አልተረጎምኩትም ነበር። ማይኩን አወረድኩት።