የድሬን ልጆች ፊት ጌም ውስጥ ስሰራ

በምሰራው ጌም ውስጥ ያለችውን ገፀ ባህሪ መጀመሪያ ያሳየኋት ለጎረቤታችን ልጅ ነው። አስር ዓመቷ ነው። ሳቢያን ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት ይኖራሉ። ስልኬን ተቀብላ ገፀ ባህሪዋን ወዲህ ወዲያ አዟዙራ አየቻት። «ጋሼ፣ ይቺ ፀሐይ የመታት ፈረንጅ ናት?» አለችኝ።

ሁለት ወር የደከምኩባት ገፀ ባህሪ ነበረች። ጌሙ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ከከፊራ ገበያ ዕቃ ትቀበላለች፣ የደቻቱን ወንዝ ትሻገራለች፣ ከዚራ ለገሀር ድረስ ታደርሳለች። ቀን ሙቀቱ ስለማያሰራ የምሰራው ማታ ነው፣ ያውም መብራት ካለ። ሰፈሩን፣ ባጃጁን፣ የደቻቱን አሸዋ ሁሉም ሰው አይቶ ወዲያው ያውቀዋል። ልጅቷን ግን የሚያውቃት ሰው ጠፋ።

ችግሩን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ዝግጁ የሰው ጭንቅላት ወስጄ ቡናማ ቀለም ነበር የቀባሁት። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የዓይኑ ሽፋን፣ ግንባሩ እንዳለ ነበር። ቀለሙ የኛ፣ ፊቱ የሌላ ሰው። ጭንቅላቱን ጣልኩትና ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ከባዶ ጀመርኩ። በዚህ ሥራ ከወሰንኳቸው ነገሮች ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሳምንት ያስቆጥባል ብዬ የወሰድኩት ጭንቅላት ሁለት ወር በልቶብኛል።

ቀጥሎ የመጣው የቆዳ ቀለም ነው። እኛ ሰውን ስንገልጽ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እንላለን። ጠይም ብቻውን ስንት ዓይነት ነው! ብዙ የጌም መሥሪያና የገፀ ባህሪ መምረጫ ግን ሳጥን ደርድሮ ነው የሚጠብቅህ። ስድስት ሳጥን ካለ አራቱ የነጭ ናቸው፣ የቀረነው በሁለቱ እንጨናነቃለን። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። ፊትዝፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1975 የቆዳ መለኪያ አወጣ። መለኪያው ቆዳ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚቃጠል ለማወቅ ነበር፣ መጀመሪያም ለነጭ ቆዳ ብቻ አራት ደረጃ ነበረው። የቡናማና የጥቁር ቆዳ ሁለት ደረጃዎች በኋላ ተጨመሩ። በ2015 ስልካችን ላይ የመጡት ባለ አምስት ቀለም ኢሞጂዎችም ከዚሁ መለኪያ የተወሰዱ ናቸው። ስለ ፀሐይ ቃጠሎ የተሰራ ነገር ስለ መልካችን ሲናገር ኖሯል ማለት ነው።

በ2022 ጉግል ኤሊስ መንክ ከሚባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር ጋር አስር ደረጃ ያለው መለኪያ አወጣ። ከቀድሞው ይሻላል፣ መነሻም ያደረግኩት እሱን ነው። ሲምስ 4 የሚባለው ጌምም በ2020 መጨረሻ ከመቶ በላይ የቆዳ ቀለም ጨምሯል፣ እሱም ተጫዋቾች ለዓመታት ሲወተውቱ ከቆዩ በኋላ ነው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ መለኪያውን ወደ ጎን አድርጌ ሰው ማየት ጀመርኩ። ለዚህ ደግሞ ድሬ ላይ መኖር ዕድል ነው። በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም መጥቷል። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው አብሮ ኖሮ፣ ተጋብቶ፣ ወልዷል። መጋላ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብትል ማንም መለኪያ የማይሰጥህን ታያለህ።

ሰዎችን አስፈቅጄ በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ሰራሁ። ከፎቶው ላይ ቀለም ቀድቼ ሞዴሉ ላይ ሳደርገው ሁሉም ሰው ገረጣ። ስልኩ ሳልነግረው ፊት የሚያሳምር ነገር ከፍቶ ኖሯል። ለእሱ ማሳመር ማለት ማንጣት ነው። የጓደኛዬን ጉንጭ ሁለት ደረጃ አንጥቶታል፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አጥፍቷታል። ነገሩ የዛሬ አይደለም። በፊልም ዘመን የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ ካርዱንም «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የእሷ ፊት ከተስተካከለ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ያንን ነገር አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ሰው ሳነሳ አገጩ ሥር ነጭ ወረቀት እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ወረቀቱን ነጭ አደርጋለሁ፣ ከዚያ የፊቱ ቀለም ራሱ ወደ ቦታው ይመጣል። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ ይቺን ወረቀት አይርሳ።

ቀለሙ ከተገኘ በኋላም ልጅቷ ጭቃ ትመስል ነበር። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ይመስለኛል። ጠቆር ያለ ቆዳ ስንሰራ ጥቁር ቀለም እንጨምራለን፣ ቆዳውም አመድ ይሆናል። የጠይም ሰው ጥላ ቀይና ቡናማ አለበት። የመሠረቱ ቀለም ደግሞ በጣም መውረድ የለበትም። ከ0 (ድፍን ጥቁር) እስከ 255 (ድፍን ነጭ) ባለው ልኬት ከ30 በታች ከወረደ ብርሃን የሚይዘው ነገር ያጣል። ሌላው ወዝ ነው። የማንም ሰው ቆዳ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ በላዩ ላይ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን ሦስት በመቶ ያህሉን እንዳለ ይመልሳል። ነጭ ቆዳ ላይ ይህ ነጸብራቅ ከቆዳው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል፣ የፊቱን ቅርጽም የሚያወጣው እሱ ነው። እናቶቻችን «ወዛም» የሚሉት ይሄንኑ ነው። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ወዝ ስጨምርላት ልጅቷ ነፍስ ዘራች። የእጇን መዳፍ ከጀርባው አቅልቼ ስሰራው ደግሞ ጎረቤቴ የራሷን መዳፍ ገልብጣ አይታ ሳቀች።

ብርሃኑንም መለወጥ ነበረብኝ። መጀመሪያ ጌሙን የሰራሁት በቀትር ፀሐይ ነበር። በስድስት ሰዓት ድሬ ላይ ሰው ሁሉ ከአፍንጫው በታች ጥላ ነው። ሰዓቱን ወደ አሥራ አንድ አካባቢ ገፋሁት። ያኔ ፀሐዩ ከጎን ይመጣል፣ ከከዚራ ዛፎች ሥርም ወርቃማ ይሆናል። ቆዳ ሁሉ ያምርበታል።

ፀጉሩ ከሁሉ በላይ ፈትኖኛል። ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው የሚወርድና የሚዘናፈል ፀጉር ነው። ጎፈሬ ፈልገህ ብታገኝ እንደ ኳስ የተነፋ ነገር ነው። ሹሩባ ደግሞ ከፀጉሩ ይልቅ ሥራው በመካከል ባለው የራስ ቅል መስመር ላይ ነው። እናቴን ጎረቤታችንን ስትሰራት ቁጭ ብዬ አየሁ። ግንባር ላይ በጣም ቀጭን ትጀምራለች፣ ወደ ኋላ እየወፈረ ይሄዳል፣ ማጅራት ላይ ሲደርስ ይበተናል። እኔ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ነበር የሰጠሁት፣ ገመድ ይመስል ነበር። ሐረሪዋን እናት ስሰራም እንዲሁ ተሳስቻለሁ። ፀጉራቸውን ለሁለት ከፍለው ከጆሮ ኋላ ጠቅልለው ጉፍታ የሚባለውን የፀጉር መሸፈኛ ያደርጉበታል። እኔ ከላይ ሻርፕ አልብሼ አልፌው ነበር። ሐረር ሄጄ ለአንዲት እናት ሳሳያቸው ሻርፑን ፈታ አድርገው «ልጄ፣ ከሥሩ ያለውን ሳታይ ላዩን እንዴት ትሰራለህ?» አሉኝ። ያሉት እውነት ነው፣ ከሥሩ ያለው ጥቅል ነው ለሻርፑ ቅርጽ የሚሰጠው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ጌሙ ውስጥ ዕቃ የሚቀማ አንድ ሌባ አለ። የቆዳ ቀለሞቹን ሳከፋፍል ሳላስበው ከሁሉ የጠቆረውን ለእሱ ሰጥቼው ነበር። ከሁሉ ቀይ የሆነችው ደግሞ ሽልማት የምትሰጠው ሴት ነበረች። ማንም አላዘዘኝም። ከእጄ ነው የወጣው። ያየው ጠቆር ያለ ጓደኛዬ ነው። አልተቆጣም። «አቦ፣ እኔን ሌባ አደረግከኝ አይደል?» ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ ይከብዳል። ልጅ ሆነን «ሻንቅላ» እየተባለ ሲሰደብ አብሬው ነበርኩ። በዚያ ሌሊት ሁሉንም ገፀ ባህሪ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ሥራው፣ ቀለሙ፣ ተጫዋቹ ላይ ክፉ ነው ወይስ ደግ። ከዚያ የቀለም ክፍፍሉን አፈረስኩት። አሁን ልጅቷን የሚያስተምራት፣ መንገዱን ሁሉ የሚያውቀው የለገሀር ሽማግሌ ከሁሉ ጠቆር ያለው ሰው ነው። አዲስ ሰው በጨመርኩ ቁጥር ያንን ወረቀት አወጣለሁ።

ተጫዋቹ ፊት በሚመርጥበት ገጽ ላይ ከየፊቱ ሥር ብሔር ጽፌ ነበር። እሱንም አጠፋሁት። አንድ የሰፈር ልጅ እናቱ ኦሮሞ፣ አባቱ ጉራጌ፣ አያቱ ሐረሪ ናቸው። «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ፊቶቹ አሁን ያለ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ሰው ይመስለኛል የሚለውን ይነካል።

ሰሞኑን የያዝኩት የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሞዴል የሆኑልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ሃያ ዓመት ነድተዋል። ሁለቱንም ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነጩን ወረቀት በመካከል አስቀመጥኩ። በመስኮት በኩል ያለው ግራ ክንዳቸው ከቀኙ ሁለት ደረጃ ይጠቁራል፣ እጅጌያቸው የሚያልቅበት ላይም መስመር አለው። ራሳቸውም እስከዛሬ አላስተዋሉትም ነበር። ክንዱን ጨርሻለሁ፣ መስመሯን ግን ገና አላሳመርኳትም።